ሺህ ቅጠል

የእህቴ ልጅ የኬክ አሠራር ሥልጠና ጨርሳ የምስክር ወረቀቷን በተቀበለች ማግስት፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እውነተኛ ኬክ አስቀምስዎታለሁ» ብላ ቦሌ አካባቢ ወደሚገኝ፣ ስሙን ለማንበብ እንኳ ትንሽ ፈረንሳይኛ ወደሚጠይቅ ኬክ ቤት ወሰደችኝ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ረቡዕ ቢሆን ኖሮ የጾም ኬክ ይቀርብልን ስለነበር ነው፤ ሥጋን ለማድከም የተሠራ ጾም በክሬም አጊጦ ገበታ ላይ ሲቀመጥ ስለማየት የምለው ብዙ ነገር አለኝ፣ ግን ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

እኔ የማውቀው የፒያሳን ኬክ ቤት ነው። ባንኮው ላይ ተደግፎ በጣት እየጠቆሙ «ያንን» ማለት ይበቃ ነበር፤ ኬኩ ስም ቢኖረውም የሚጠይቀው አልነበረም። እዚህ ግን ኬኮቹ ልክ እንደ ሙዚየም ቅርስ በመስታወት ውስጥ መብራት በርቶላቸው ተቀምጠዋል፤ አስተናጋጁም «ምን ልታዘዝ?» ብሎ የሰጠን የምግብ ዝርዝር እንደ ሠርግ መጥሪያ በወፍራም ወረቀት የታተመ ነው። «ቺዝ ኬክ» የሚለውን ሳነብ ከክትፎ ጎን የለመድሁት አይብ ትዝ አለኝና ገጹን ገለበጥሁ። በመጨረሻ የማውቀው ስም አገኘሁ፦ ሚልፎሊ፣ 400 ብር። የእህቴ ልጅ ለራሷ ምንም አላዘዘችም፤ ሦስት ወር ሙሉ ኬክ ስትቀምስ ስለከረመች አሁን ጣፋጭ ሲነሳ ጥርሷን ያማታል።

«ጣሊያንኛ ነው፤ ሺህ ቅጠል ማለት ነው» አለችና ኬኩ እስኪመጣ ድረስ ሥልጠናዋን በሙሉ እኔ ላይ ከለሰችው። ሊጡ መሐሉ የገበታ ቅቤ ይደረግበትና ሦስት እጥፍ ታጥፎ ይዳመጣል፤ ማቀዝቀዣ ገብቶ ያርፍና ወጥቶ እንደገና ሦስት እጥፍ ይታጠፋል፤ ይህ 6 ጊዜ ሲደጋገም ሦስቱ 9፣ ዘጠኙ 27፣ ከዚያ 81፣ ከዚያ 243 እያለ መጨረሻ ላይ 729 ይደርሳል። እርሾ የሚባል ነገር አይገባበትም፤ ምድጃው ውስጥ በቅቤውና በሊጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ንብርብሩን ወደ ላይ ያነሣዋል። ቅቤው ቀድሞ ከቀለጠ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ በዚህ መሐል እናቴን አስታወስሁ። አነባበሮ ስትጋግር ሁለት እንጀራ አንድ ላይ አጣብቃ በቅቤና በበርበሬ አርሳ ታቀርብልን ነበር፤ «ሁለት ቅጠል» የሚል ስም አውጥታ ዋጋ መቁረጥ ግን በሐሳቧም አልመጣም።

ኬኩ መጣ። ሳህኑ የእንጀራ ሰፌድ ሊያህል ጥቂት ቀርቶታል፤ ኬኩ ግን መሐሉ ላይ እንደ ክብሪት ቀፎ ተጋድሟል፤ ዙሪያውን ደግሞ አንድ ሰው ቀይ ፈሳሽ አንጠባጥቦ ሳይጠርግ ትቶታል። ማጣፈጫ መሆኑ የተነገረኝ መጥረጊያ ሶፍት ካነሣሁ በኋላ ነው። ሹካዬን ከላይ ተከልሁ። የላይኛው ሊጥ እንደ ብረት ደርቆ አልበሳ አለ፤ ኃይል ስጨምር ክሬሙ በአራቱም አቅጣጫ ተሰደደ፤ ሊጡም ድንገት ሲሰበር ከመሬት የተነሣ አቧራ የሚመስል ነጭ ስኳር ጥቁር ኮቴ ላይ አረፈ። በአጠገባችን የተቀመጡት ጥንዶች አፍረው እንዳያሳፍሩኝ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። የዚህ ኬክ ባሕርይ እንዲህ ነው፤ በክብር እንዲገዛ እንጂ በክብር እንዲበላ ታስቦ አልተሠራም። የእህቴ ልጅ በጎኑ አጋድሞ በቢላዋ መቁረጥ እንደሚሻል የነገረችኝ ኮቴ ከነጣ በኋላ ነው። እኔም በባህላችን መሠረት መጀመሪያ እሷን ላጎርሳት ሞከርሁ፤ ከሳህኔ የተነሣው ጉርሻ አፏ እስኪደርስ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ።

ጣዕሙን ግን መካድ አልችልም። ሊጡ ከጥርስ ሥር ሲንኮሻኮሽና ቀዝቃዛው ክሬም ከቅቤው ሽታ ጋር ሲቀላቀል ስሙኝ ብዬ ያዘጋጀሁት ምሬት በሙሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። በአራት ጉርሻ አለቀ። አምስተኛውን ፍለጋ ፍርፋሪውን በጣቴ ጫፍ እየለቀምሁ ሳለ ሒሳቡ መጣ።

ጋባዥዋ እሷ ብትሆንም እንደ ወጉ «አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምከፍለው» ብዬ ደረሰኙን ተሻማሁ። ይህን ስል እሷም እንደ ወጉ እንደማትለቅልኝ እርግጠኛ ነበርሁ፤ እሷ ግን «እሺ ጋሼ፣ ካሉ» ብላ ለቀቀችው። ዘንድሮ ልጆች የሽሚያን ደንብ አያውቁም። 400 ብሩ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ 440 ሆነ፤ በእሱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አርፎበት 506 ብር ደረሰ። ሦስት ባለ 200 ብር ኖቶች አስቀምጬ ወረቀቱን ገልብጬ ማስላት ጀመርሁ።

«ስሚ ልጄ፣ ሺህ ቅጠል ተብዬ የከፈልሁት 506 ብር ነው። አንቺው እንደነገርሽኝ ግን የቀረበልኝ 729 ብቻ ነው። የጎደሉት 271 ቅጠሎች በዚህ ዋጋ 137 ብር ያወጣሉ። አስተናጋጁን ጥሪልኝ።»

የእህቴ ልጅ ወዲያና ወዲህ ተመልክታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ 729 እኮ የአንዱ ገጽ ሊጥ ነው። ሚልፎሊ ሦስት ገጽ ተደራርቦ ነው የሚሠራው። የበሉት 2187 ቅጠል ነው።»

ወረቀቱን መልሼ አየሁት። ትርፉ 1187 ቅጠል ነው፤ በራሴ ዋጋ ሲሰላ ሌላ 600 ብር ይፈለግብኛል። አስተናጋጁ የተጠራ መስሎት እየቀረበ ነበር። «መልሱን ያዘው፣ ልጄ» አልሁትና ኮቴን እያራገፍሁ ወደ በሩ አመራሁ።