ውጣና ተጫወት፣ ግን እንዳትቆሽሽ

የዘንድሮ ልጅ ያለ ስልክ አይጎርስም። እናት ጉርሻውን ጠቅልላ ትጠብቃለች፤ አባት ዩቲዩብ ይከፍታል፤ ልጁ አፉን ይከፍታል። ኔትወርኩ ሲንቀረፈፍ አፉም ይዘጋል። ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ ራውተሩ ላይ ያፈጣል። ድሮ ልጅ የሚፈራው "ጅብ መጣ!" ሲባል ነበር። አሁን "ዋይፋዩን ላጠፋው ነው!" ማለት ይበቃል።

በእርግጥ ስልክ ግሩም ሞግዚት ነው። ደሞዝ ጨምሩልኝ አይልም። ለበዓል አገሬ ልሂድ አይልም። ከጎረቤት ሠራተኛ ጋር ተማክሮ በሦስተኛው ወር ጥሎ አይጠፋም። ሞግዚት ፈልጎ የሚያውቅ ወላጅ ይህን ሲሰማ እንባው ይመጣል።

ጸጸቱ የሚመጣው ሌሊት ነው። ልጁ ከተኛ በኋላ ወላጅ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲጎረጉር፣ ስለ ስልክ ጉዳት የሚናገር ቪዲዮ ብቅ ይልበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ጭራሽ አይይ፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፤ ደግሞም በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ይላል። ወላጅ ይደነግጣል። በድንጋጤ ቪዲዮውን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ይልካል። ከዚያ ቀጣዩን ቪዲዮ ያያል።

180 ደቂቃ ማለት 3 ሰዓት ነው። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ 3 ሰዓት የሮጠ ልጅ ከሶፋው እስከ በሩ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አስሉት። ታች ያሉት ጎረቤቶች ማስላት አያስፈልጋቸውም። በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እየደበደቡ ይቆጥራሉ።

እዚህ ላይ አባቶች ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። "እኛ ልጆች ሳለን" ይጀመራል። ብይ፣ ቆርኪ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ የካልሲ ኳስ፣ የሽቦ መኪና። ድብብቆሽ ሲሆን "ኩኩሉ!" "አልነጋም!" እየተባባልን ቀኑ ይመሽ ነበር። እውነት ነው፣ እኔም ነበርኩበት። ግን ተፈጥሮን ወደን ያደረግነው አይመስለኝም። ሌላ ምን ነበረን? ቴሌቪዥን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አገር ውስጥ ቢኖርም እኛ ቤት አልደረሰም። ያለው ሰው ቤት እግራችንን ታጥበን እንገባለን። መሬት ላይ ተደርድረን አባባ ተስፋዬን እናያለን። ተረቱ ያልቃል፣ አባባ ተስፋዬ ይሰናበታሉ፣ በቃ። "ቀጣዩ ክፍል በ5 ሰከንድ ውስጥ ይጀምራል" የሚባል ነገር የለም። ቀጣዩ በሳምንቱ ነው። ከዚያ የትልልቆች ፕሮግራም ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ማንንም ልጅ ወደ ውጭ ያስሮጣል። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። የስክሪን ገደባችንን ሌሎች ሲያወጡልን ኖረን፣ ዛሬ የጨዋ አስተዳደግ አድርገን እናወራዋለን።

በ2009 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና እንዳይሾልክ ተብሎ ኢንተርኔት የተዘጋ ሰሞን የእኛ ሰፈር ልጆች ቶሎ ለመዱት። ደጅ ወጥተው ኳስ አገኙ። ያልለመድነው እኛ ነን። ስልካችንን እያጠፋን እናበራ ነበር።

አሁን የመጣው መፍትሔ "ልጆቹን ተፈጥሮ እናሳያቸው" ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የአዲስ አበባ ወላጅ የስክሪን ንስሐውን የሚገባበት ቦታ ሆኗል። (በነገራችን ላይ ያ ሁሉ ተፈጥሮ እያልን የምናቅፈው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ነው፤ ትውልዱ አውስትራሊያ ነው።) ልጁ ነጭ ስኒከር ይደረግለታል። ነጭ! ወደ ጫካ! እንደደረሱ ፎቶ። ዛፍ ሥር ፎቶ። ዛፍ አቅፎ ፎቶ። "ወደዚህ እይ! ፈገግ በል! እንደገና!" ልጁ ተፈጥሮን የሚጎበኘው በጀርባው ነው።

በመጨረሻ ይለቀቃል። ዛፍ ሥር ቁጢጥ ይላል። ጢንዚዛ አግኝቷል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቻርጅ የማይፈልግ። አንስቶ መዳፉ ላይ ያስቀምጠዋል።

"በስመ አብ! ጣለው! ይነክስሃል!"

"ማሚ፣ አይነክስም እኮ።"

"ጣለው አልኩህ! ጭቃ ላይ ተንበርክከህ ደግሞ! አሁን ይኼ እድፍ ይለቃል?"

አባት "ቆይ ቆይ፣ እንዳትጥለው፣ ቪዲዮ ልቅረጽህ" ይላል።

ጢንዚዛው ግርግሩን አይቶ ይበራል። ልጁ በሶፍት ይጠረጋል፣ በሳኒታይዘር ይታሻል፣ ካፌ ይወሰዳል። ማኪያቶ ይታዘዛል። ወላጆች ንጹሕ አየር ለልጅ አእምሮ ስላለው ጥቅም በሰፊው ሊወያዩ ነው። እንዳይረብሻቸው ስልክ ይሰጠዋል።

እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው። ልጅ ውጭ ይጫወት እንላለን። ውጭው ግን አቧራ፣ ጭቃ፣ ጸሐይና ነፍሳት ባይኖሩበት እንመርጣለን። እንዲህ ያለው ውጭ የሚገኘው ደግሞ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የዳይኖሰር ዘር በሙሉ በስም የሚጠራ ልጅ፣ የፋሲካ ዶሮ ስትመጣ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው።

ፓርኩስ አልፎ አልፎ ነው። የዕለት ጨዋታ ደጅ ላይ ነበር። እኛ ደጅ ለልጆች የተተወች ቦታ ነበረች፤ መጀመሪያ አንድ ቪትዝ ቆመባት፣ ከዚያ ዘመዶቹ መጡ። የተረፈችው ሣር ላይ "ሣር መርገጥ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ሰሌዳው ከሣሩ ይበልጣል።

በቅርቡ ኳስ የአንዱን መኪና ስፖኪዮ ሰበረች። የነዋሪዎች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው "የልጆች የስልክ ሱስና የውጭ ጨዋታ" ነው። ሰብሳቢው ሲናገሩ ግማሹ ተሰብሳቢ አቀርቅሮ ነበር። በጥሞና እንዳይመስላችሁ፣ በቲክቶክ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ ልጆች ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ውጭ እንዲጫወቱ ተፈቀደ። ኳስ አይቻልም፤ ስፖኪዮ አለ። ሩጫ አይቻልም፤ መኪና ይገባል ይወጣል። መጮህ አይቻልም፤ የሌሊት ተረኛ ይተኛል። ብይም አይቻልም፤ ቁማር ያስለምዳል ብለው አንዲት እናት አጥብቀው ተከራክረዋል። የሣሩን ነገር ታውቁታላችሁ።

ከኋላ የቆመ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"ጋሼ፣ ታዲያ ምን እንጫወት?"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ጥሩ ጥያቄ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ እንከፍትላችኋለን፤ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ስልክ የሌላችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩ።"