ክሎሪኑ አይቀነስ፣ ውሃው አስቀድሞ ይጣራ

በየካ አባዶም ሆነ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ውሃ በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን በረኪና በረኪና የሚል ከሆነ «ክሎሪን ካንሰር ያመጣል» የሚለው ወሬ ከፎቅ ፎቅ ይዛመታል፤ መጠኑ ይቀነስልን የሚሉም አሉ። ስጋታቸው መሠረት የለውም አልልም። መቀነሱ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ክሎሪን በውሃ ውስጥ ካለ የቅጠልና የአፈር ብስባሽ ጋር ሲገናኝ ክሎሮፎርምን የመሳሰሉ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.3 ሚሊግራም ሲሆን፣ የተሰላውም ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ነው። ተህዋሲያን ግን ያን ያህል ጊዜ አይሰጡም። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በጥቂት ሰዓታት ሰውን የሚያዝል በሽታ ነው። ድርጅቱ ራሱ ውህዶቹን ለመቀነስ ሲባል ተህዋሲያንን የመግደሉ ሥራ እንዳይጓደል ያሳስባል።

ዳር ላይ ለምንኖር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ውሃው ሲቋረጥ የቧንቧው ግፊት ይወርድና በላላ መገጣጠሚያ በኩል በዙሪያው ያቆረው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ፈረቃው ሲደርስ ውሃው ያንን ይዞ ሮቶ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ቀናት ሲያስቆጥር የቀረው ክሎሪንም ያልቃል። ቤት በሚደርሰው ውሃ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ሊገኝ ይገባል። መለኪያውም ቀላል ነው፦ ትንሽ ክኒን በብልቃጥ ውሃ ውስጥ ትሟሟለች፤ ውሃው ሮዝ ካልሆነ መከላከያው አልቋል ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ሮዝ መሆን ያልቻለው ውሃ እንጂ ሽታው አይደለም።

መፍትሔው ከክሎሪኑ በፊት ነው። የጉድጓድ ውሃ ብስባሹ በአብዛኛው አነስተኛ ነው፤ ጉዳዩ የሚከብደው እንደ ለገዳዲ ባለ የግድብ ውሃ ላይ ነው። በክረምት የደፈረሰውን ውሃ በአልሙኒየም ሰልፌት አዝቅጦ፣ በአሸዋ አጣርቶ፣ ክሎሪኑን ከዚያ በኋላ መጨመር የውህዱን መጠን ይቀንሳል። የግድቡን ዙሪያ በዛፍና በሣር መሸፈንም የማጣሪያው ሥራ አካል ነውና በጀት ይያዝለት። ማጣሪያው ላይ አንዴ አብዝቶ ከመጨመርም ዳር ባሉት ማጠራቀሚያዎች በትንሽ በትንሹ መድገም ይሻላል፤ ያኔ ለማጣሪያው የቀረበው ሰፈር ሽታው አይበዛበትም፣ እኛም ባዶ አይደርሰንም።

ውሃ አቅራቢው በየሰፈሩ የለካውን የክሎሪንና የክሎሮፎርም መጠን በየወሩ ይፋ ያድርግ። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችም ሮቶዎቻቸውን ያሳጥቡ፣ ክዳን የሌላቸውንም ይክደኑ።