ኬብሉን ሳትነቅሉ «ሞክረነዋል» አትበሉኝ

እኔ እኮ መሮኛል! ሰርቨሩ ሁለት የኔትወርክ መስመር አለው። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ተጠባባቂ ነው። «አንዱ ቢሞት ሌላው ይረከባል» ተባልኩ። ማን ሞከረው? ማንም።

ትናንት ሌሊት ፒንጉ (ሰርቨሩ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቀው አጭር መልእክት) ቀጥ አለ። ሄጄ ሳይ ሁለቱም ፖርቶች ላይ አረንጓዴው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል! ለካ የሞተው ከስዊቹ (ኬብሎቹ ከሚሰኩበት የኔትወርክ ማከፋፈያ) ወዲያ ያለው መስመር ነው። ቦንዲንጉ (ሁለቱን መስመር እንደ አንድ የሚያጣምረው የሰርቨሩ ሶፍትዌር) የሚያየው ደግሞ እስከ ስዊቹ ድረስ ያለውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ተጠባባቂው ዝም ብሎ ቆመ። ኤአርፒ («ይህ አድራሻ የማን ነው?» የሚል የኔትወርክ ጥያቄ) እየላከ ከማዶ መልስ መምጣቱን እንዲያጣራ ማድረግ ይቻል ነበር እኮ!

ኤልኤሲፒም (ሰርቨሩና ስዊቹ መስመሮችን ለማጣመር የሚነጋገሩበት ደንብ) ቢሆን መልእክት የሚለዋወጥበት ፍጥነት በዝግተኛው ከተተወ፣ መብራቱ ሳይጠፋ የሞተን መስመር እስኪያውቅ 90 ሰከንድ ይፈጅበታል። በፈጣኑ 3 ሰከንድ ነው።

ደግሞ የኔትወርክ ካርዱን በትእዛዝ ማጥፋት ሙከራ አይባልም። ኬብሉ ይነቀል፣ ስዊቹ ይጥፋ፣ ስንት ፒንግ እንደጠፋ ይቆጠር። ዛሬ ማታ ራሴ እነቅለዋለሁ።