ደረጃው የበጎ ፈቃድ ሰዓት አይቆጥርም

ወንድሜ፣ «ዩ.ኤስ. ኒውስ (የአሜሪካ ኮሌጆችን ደረጃ የሚያወጣው የዜና ድርጅት) በሰርቪስ ለርኒንግ (ከትምህርት ጋር በተያያዘ የማኅበረሰብ አገልግሎት) ኮሌጆችን የሚያስቀድመው ተማሪዎቻቸው ያገለገሉበትን ሰዓት ደምሮ ነው» ብለሃል። ብዙ ወላጅም እንደዚያ ይመስለዋል፤ ግን አይደለም። የሚቆጠረው ጥቆማ ነው። ድርጅቱ ለኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች፣ ለአካዳሚክ ኃላፊዎች፣ ለተማሪዎች ጉዳይ ዲኖችና ለቅበላ ዲኖች መጠይቅ ይልካል። እያንዳንዳቸው ጎበዝ የሚሏቸውን እስከ 15 ኮሌጆች ይጠቁማሉ። 10 እና ከዚያ በላይ ጥቆማ ያገኘ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ የተጠቆመ ከላይ ይቀመጣል። በቃ። ሰዓት የለም፣ አገልግሎቱን ያገኘው ሰፈርም አይጠየቅም። ስሙ ያልገነነ ትንሽ ኮሌጅ ሥራው ምንም ቢያምር ሊቀር ይችላል፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

ካርኔጊ የሚባለው የአሜሪካ የኮሌጆች ምደባ የሚሰጠው የማኅበረሰብ ተሳትፎ ዕውቅና ደግሞ ጭራሽ ደረጃ አይደለም። ኮሌጁ ራሱ አመልክቶ ማስረጃ ያቀርባል።

ለልጅህ ኮሌጅ የምትመርጡ ከሆነ ትምህርት ክፍሉን በቀጥታ ጠይቁ። አገልግሎቱ ከየትኛው ኮርስ ጋር ተያይዟል? ተማሪው ያየውን ክፍል ውስጥ ይወያይበታል? ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ማደል መልካም ሥራ ነው፤ ከትምህርቱ ጋር ካልተያያዘ ግን ሰርቪስ ለርኒንግ አይባልም።