መለኪያውን የምንሞላው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ የምትኖሩ ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ቀን ቀን የዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ጠጪነት ስናማ እንውላለን፤ ሲመሽ ግን አረቄውን የምንቀዳለት፣ ገንዘብ ሲያጥረውም በዱቤ የምንሰጠው እኛው ነን።

ባለፈው የፈተና ሰሞን ከቤቴ በታች ባለች አንዲት አረቄ ቤት ደጃፍ፣ የተጣጠፈ የትምህርት ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በአንድ እጁ መለኪያ ይዞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያነብ ልጅ አየሁ። «ምነው ልጄ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ካልቀመስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ። ቀን ጫት ቅሞ ያጠናል፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል፤ ጨብሲ የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔም «አይዞህ» ብዬው አለፍኩ፤ ማለፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጠጥ ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊቱ ሲጋመስ እንቅልፍን ይቆራርጣል፤ አእምሮ የተማረውን የሚያደላድለው ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ ልጁ ያጠናው ሳይረጋለት፣ ጭንቀቱ ግን ብሶበት ይነጋል። ድካሙን በጫት፣ ጫቱን በመጠጥ እየመለሰ ሲኖር፣ ልማዱ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ይወስደዋል።

ጭንቀቱም የሰነፍ ሰበብ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ በሬ ሸጦ የላከው አባትም «መቼ ነው የምትመረቀው?» እያለ ይደውላል። ወላጆች፣ ስትደውሉ ከውጤቱ አስቀድማችሁ እንቅልፉን ጠይቁት።

ባለ መጠጥ ቤቶች ሆይ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ አብዛኛው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ ገና እዚያ አልደረሰም። መታወቂያ ጠይቁ። ኑሮ መክበዱን፣ በዚያች ጠርሙስ ልጆች የምታሳድጉ እናቶች መኖራችሁንም አውቃለሁ፤ ሆኖም የእናንተም ልጅ ነገ በሌላ ከተማ በሌላ ሰው ደጃፍ ይቀመጣል። ለዚህ ልጅ ሻይና ሽሮ ሽጡለት፤ የራበውም እሱ ነው።

ጠዋት ካልጠጣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ተማሪ ቤት ያከራያችሁ ካላችሁ ግን፣ ስድብም ምክርም አይበቃውም። የለመደን ሰውነት መጠጥ በድንገት ሲከለክሉት እስከ መንፈራገጥ ሊያደርስ ስለሚችል፣ በር ዘግታችሁ «ተው» አትበሉት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ቢጻፍለትም ስሙን ሰምታችሁ አትሸሹ፤ አብራችሁት ሂዱና ወረፋውን አብራችሁት ጠብቁ።