ከቢራው ላይ ለጠበቃም ይቆረጥ

ቂሊንጦ የቢራ ፋብሪካም አለ፣ ማረሚያ ቤትም አለ። ሄኒከን ዋልያን የሚጠምቀው እዚያ ነው። ማረሚያ ቤቱን ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ክሳቸው ገና ያላለቀ ሰዎች በሚቆዩበት ቦታነቱ ነው። እኛ የከተማዋ ጫፍ ነዋሪዎች ሁለቱንም በታክሲ እናልፋቸዋለን፣ ለምደናቸዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፤ በየግሮሰሪው በሚጠጣው ላይ ትንሽ ግብር ተጨምሮ ለነፃ የሕግ አገልግሎት ይዋል።

አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ላይ ተከሳሽ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና በዚህ የተነሳ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል ይላል። ተከላካይ ጠበቆች አሉ፣ ይሠራሉም። ግን መብቱ የተጻፈው ለተከሳሽ ነው። የእኛ ሰፈር ጣጣ አብዛኛው ወንጀል አይደለም፤ የመሬት ካሳ ነው፣ የልጅ ቀለብ ነው፣ ከፋብሪካ በድንገት የተባረረ ሰው ጉዳይ ነው። ለዚህ ያሉት የዩኒቨርሲቲ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትና እንደ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉ ናቸው፤ እነሱስ ስንቱን ይችሉታል?

አንድ ቀን ፍርድ ቤት በር ላይ ቆማችሁ እዩ። ራፖር ጸሐፊው ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ አንዲት ልጅ ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ፣ ስንት ዓመት እንደሠራች፣ አለቃዋ ምን እንዳላት፣ ቤት ኪራይ ስንት ወር እንዳለባት ትነግረዋለች፤ እሱም ሁሉንም ይጽፍላታል፣ ጥሩ አድርጎ ነው የሚጽፈው ደግሞ። ችግሩ ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ልጅቷ ከሥራ ከተባረረች አራተኛ ወሯ ላይ ከሆነች ማመልከቻው ቢያምርም ምን ዋጋ አለው? ይህን ቀድሞ የሚነግራት ሰው ነበር የሚያስፈልጋት። ይህ የግማሽ ሰዓት የጠበቃ ምክር ነው፣ በቃ።

«መጠጥ እኮ ታክስ ይከፈልበታል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ በኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ይከፈላል። ግን ብሩ ወደ ትልቁ ካዝና ነው የሚገባው፤ ወረዳችን ድረስ ስሙን ጠርቶ አይመጣም። እኔ የምለው መጠጡ ከሚሸጥበት ቦታ ላይ ስለሚሰበሰብ የከተማ ግብር ነው። ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። አሜሪካ ፒትስበርግ ያለችበት አሌጌኒ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ቡና ቤት ውስጥ በሚጠጣ መጠጥ ላይ 10 በመቶ ጥሎ ገንዘቡን ለሕዝብ ትራንስፖርት አዋለው። ባለ ቡና ቤቶቹ ጮኹ፣ በዓመቱ ወደ 7 በመቶ ወረደ፣ ግብሩ ግን አልቀረም።

እንዲህ ያለ ገንዘብ ግን ብቻውን አይታመንም። እዚያው አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ግዛት ውስጥ የተከላካይ ጠበቆች በጀት ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከትራፊክ ቅጣትና ከፍርድ ቤት ክፍያ ነበር። ቅጣቱ ሲቀንስ ገንዘቡም ቀነሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ኒው ኦርሊንስ ያሉት ተከላካዮች አንዳንድ ከባድ ክሶችን አንቀበልም እስከማለት ደረሱ። ስለዚህ የመጠጡ ብር በመደበኛው በጀት ላይ ይጨመር እንጂ «አሁንማ ከመጠጥ ታገኛላችሁ» ተብሎ በጀቱ አይቆረጥ። የጠበቃ ደሞዝ ሰው ስንት ድራፍት ጠጣ በሚል የሚወሰን ከሆነ ጉድ ነው የሚሆነው።

ሌላው ደግሞ፣ ጠላና አረቄ የሚሸጡትን እናቶች እንዳትነኩ። ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍተው ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። ግብሩ የፋብሪካ መጠጥ ላይ ይሁን።

አስቸጋሪው ነገር ድንበሩ ነው። እዚህ ዳር ላይ መንገዱ ወዲህ አዲስ አበባ፣ ወዲያ ሸገር ከተማ ነው። አንደኛው ብቻ ግብር ከጣለ ጠጪው መንገድ ተሻግሮ ይጠጣል፣ እኛም እናውቀዋለን። ሁለቱ አስተዳደሮች ተነጋግረው እኩል መጠን ቢያወጡ ግን ማንም የሚሸሽበት የለም። አዲሱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ከዚያ በፊት ድንበር ላይ ባሉ ሁለት ወረዳዎች፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ፣ ሞክረው ቢያዩት ምን ይከብዳል?