ፍራንኪ ማኒንግን ጠየቁት፤ የእኛን ተወዛዋዦችስ?

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ ግሌን ኤኮ የሚባል ፓርክ አለ። የዲሲ አካባቢ ሐበሻ ፓርኩን የሚያውቀው በልጆች መጫወቻነቱ ነው። ልጆቹን የእንጨት ፈረሶቹ ላይ አስቀምጦ ያዞራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እዚያው ግቢ ውስጥ ስፓኒሽ ቦልሩም የሚባል በ1933 የተሠራ ሰፊ የዳንስ አዳራሽ አለ፤ ማታ ሲሆን ሙሉ ባንድ ከነጥሩምባው ይገባበትና ሕዝብ ስዊንግ የሚባለውን የጃዝ ዳንስ ይደንስበታል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሚደንሱት ሙያተኞች አይደሉም። ነርስ አለች፣ የኮምፒውተር ሠራተኛ አለ፣ ጡረታ የወጣ መምህር አለ። ጫማቸውን በከረጢት ይዘው ይመጣሉ፤ ላብ ሲያጠምቃቸው የሚቀይሩት ሸሚዝ የሚይዙም አሉ። ዳንሱ ከመጀመሩ በፊት ለጀማሪ ትምህርት ይሰጣል፤ ብቻውን የመጣ ሰው ተጣማሪ አያጣም።

ከስዊንግ ዳንሶች ሁሉ ታላቁ ሊንዲ ሆፕ ነው። ሁለቱ ደናሾች ጉልበታቸውን ለቀቅ አድርገው፣ ክብደታቸውን ወደ መሬት ሰጥተው፣ በስምንት ምት ይቀራረቡና በአንድ እጅ ብቻ ተያይዘው ይወናጨፋሉ። በዚያች በተለያዩባት ቅጽበት እያንዳንዱ የራሱን ይጨምራል። የአውሮፓው የአዳራሽ ዳንስ ወንድና ሴትን አቅፎ ያቆያቸው ነበር፤ የሃርለም ጥቁሮች ግን እቅፉን ከፈቱትና ለሁለቱም የየራሳቸውን ቦታ ሰጧቸው። የዳንሱ ውበት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የወሰደው ውድድሩ ነው። ጃክ ኤንድ ጂል የሚባል የውድድር ዓይነት አለ። ተወዳዳሪው ለብቻው ይመዘገባል፣ ጀርባው ላይ ቁጥር ይለጠፍለታል፤ መሪና ተከታይ በዕጣ ይጣመራሉ። ዘፈኑም አስቀድሞ አይነገርም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለወራት የተጠና ትርኢት እዚህ አያዋጣም። በፍጻሜው ዙር ዳኞቹ ለጥንዶቹ ነጥብ ሰጥተው አይደምሩም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በደረጃ ያስቀምጧቸዋል፤ ከዳኞቹ የሚበዙት አንደኛ ያሉት ጥንድ ያሸንፋል። አንድ ዳኛ በወዳጁ ላይ ቢያዳላ ወይም በጠላው ላይ ቢጨክን ብቻውን ውጤቱን ማጣመም አይችልም። ይህን አሠራር ስረዳ ስንት የአገራችን ውድድር በአንድ ሰው ፊት መጥቆርና መፍካት ሲወሰን እንዳየሁ አሰብኩ፤ አዘንኩም።

በአንዱ ውድድር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሽበት የወረራቸው ሴትዮ ዕጣው ከአንድ ወጣት ጋር አገናኛቸው። ልጁ ፈጣን ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ዘፈን ሊጨርስ ቸኩሏል። ሊያዞራቸው እጃቸውን ሲስብ እሳቸው እጃቸውን ከበድ አደረጉና ቆዩ። እግራቸውን በትንሽ በትንሹ እየመቱ ሁለት ምት ለራሳቸው ወሰዱ፤ ልክ ሳክስፎኑ ሲገባ ተወንጭፈው ሄዱ። ልጁ ያን ጊዜ ገባው። ያሰበውን ትቶ ማዳመጥ ጀመረ፣ አዳራሹም በጩኸት ተናወጠ። እኛ አገር ጥሩ እስክስታ የሚያውቅ አዛውንት ከጎረምሳ ፊት ቆሞ ትከሻውን በስሱ ሲሰብቅ፣ ጎረምሳው ቀስ በቀስ ሲረጋ የምናየው እንዲሁ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ነው። ሳቮይ ቦልሩም በ1926 ሌኖክስ አቬኑ ላይ ተከፈተ። ርዝመቱ ከመንገድ እስከ መንገድ ይደርሳል፤ ሁለት የባንድ መድረክ ስላለው አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል። በዚያው ሰፈር ኮተን ክለብ የሚባለው ዝነኛ ቤት ጥቁሮችን መድረክ ላይ እያዘፈነ በደንበኝነት አያስገባም ነበር። ሳቮይ ውስጥ ግን ጥቁሩም ነጩም በአንድ ወለል ላይ ደነሰ። መመዘኛው መደነስ መቻል ነበር። ከአዳራሹ ማዕዘኖች አንዱ ለምርጦቹ የተተወ ነው፤ ችሎታ የሌለው ደፍሮ አይገባበትም። ሙዚቀኞቹም ይፎካከሩ ነበር፤ በ1937 ከበሮ መቺው ቺክ ዌብ ባንዱን ይዞ ከቤኒ ጉድማን ባንድ ጋር በዚያ ወለል ላይ ገጥሞ ያሸነፈበት ምሽት እስከ ዛሬ ይወራል።

በ1935 እዚያ በተደረገ ውድድር የ20 ዓመት አካባቢ ወጣት የነበረው ፍራንኪ ማኒንግ ከነባሩ ንጉሥ ከሾርቲ ጆርጅ ስኖውደን ጋር ተፋጠጠ። ሾርቲ ጆርጅ አጭር ነው፣ ተጣማሪው ረጅም፤ ዳንሳቸውን የሚጨርሱት እሷ በጀርባዋ ተሸክማው ስትወጣ ነበር። ማኒንግ ይህን ለመብለጥ ከተጣማሪው ከፍሪዳ ዋሽንግተን ጋር መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ተለማመደ። በውድድሩ ቀን ጀርባ ለጀርባ ተቆላልፈው በላዩ ገለበጣትና ምቱ ሳይዛነፍ ከፊቱ በእግሯ አረፈች። በሊንዲ ሆፕ ዛሬ በፊልም የምናየው አየር ላይ መገለበጥ መነሻው ያ ምሽት ነው ይባላል። የፈጠሩት ወጣቶች ነበሩ፤ የረዳቸውም ዩኒቨርሲቲ ወይም የባህል ሚኒስቴር አልነበረም፤ ፉክክሩ ራሱ ነው።

ያ ዓመት ለእኛም ትልቅ ዓመት ነው። በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ ማለትም በዚያው በ1935፣ አዲስ አበባ ላይ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በውዝዋዜ ለማነሣሣት። በነሐሴ ኒውዮርክ ላይ ሃርቨስት ሙን ቦል የተባለው ትልቅ የዳንስ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ሴንትራል ፓርክ ሊደረግ ታስቦ የመጣው ሕዝብ ከልክ ስላለፈ ወደ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተዛወረ፤ በሊንዲ ሆፕ ዘርፍ የሳቮይ ልጆች ድሉን ጠቀለሉት። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ኖርማ ሚለር ገና 15 ዓመቷ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ጣሊያን ድንበራችንን ጥሶ ገባ። ሃርለም በዚያ ዓመት በሺዎች እየሆነ ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጣ፣ ገንዘብ አዋጣ፣ ሊዘምት የተመዘገበም ነበር። ከሳቮይ ጥቂት መንገድ ብቻ ርቆ የሚገኘው የአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን በስማችን የሚጠራ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ሄደው ጎብኝተውታል። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት በዚያው በኒውዮርክ ነው። ቅዳሜ ማታ ሳቮይ ሲደንሱ ካደሩት መካከል በማግስቱ ለእኛ የጸለዩ እንደነበሩ አልጠራጠርም። ይህን ዳንስ ባየሁ ቁጥር ውለታቸው ይታወሰኛል።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ሙዚቃው ተለወጠ፣ ሳቮይ በ1958 ተዘግቶ ፈረሰ፤ ቦታው ላይ መኖሪያ ሕንፃ ተሠራ። ፍራንኪ ማኒንግ ከሠራዊት ተመልሶ ጥቂት ዓመት የራሱን የዳንስ ቡድን ይዞ ዞረ፤ ገበያው ሲጠፋ ፖስታ ቤት ተቀጠረ። ወደ ሠላሳ ዓመት የሚሆን ጊዜ ፖስታ ቤት ሠራ። ዓለምን ያስደነቀ ሰው!

በ1980ዎቹ ስዊድናውያንና የካሊፎርኒያ ወጣቶች የድሮ ፊልም ሲያዩ ‹‹እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ?›› ብለው መፈለግ ጀመሩ። ስዊድኖቹ አል ሚንስ የተባለውን የሳቮይ ሰው አገራቸው ወስደው ተማሩበት። በ1986 ካሊፎርኒያውያኑ ማኒንግን አግኝተው አስተምረን አሉት። በ70ዎቹ ዕድሜው እንደገና ተነሣ። በ1989 በብሮድዌይ ላቀናጀው ዳንስ የቶኒ ሽልማት ተካፈለ፤ ከዚያ በኋላ አገር ላገር እየዞረ አስተማረ። በ2009 ሲሞት 95ኛ ልደቱን ሊያከብሩ ከመላው ዓለም ወደ ኒውዮርክ ለመምጣት የተዘጋጁ ደናሾች ነበሩ፤ አንድ ወር ሲቀረው አረፈ። ኖርማ ሚለርም እስከ 2019 ኖራ፣ 99 ዓመት ሞልቷት፣ የነበረውን ሁሉ በገዛ አንደበቷ ተናግራ ሄደች።

እዚህ ላይ ደስታዬን የሚያደፈርስ ነገር አለ። ዛሬ በስዊንግ አዳራሾች ብትዞሩ አብዛኛው ደናሽ ነጭ ነው። የፈጠሩት ሰዎች የልጅ ልጆች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ጥቁር ደናሾችም ይህን በአደባባይ ሲናገሩ ቆይተዋል። ግሌን ኤኮ ራሱ እስከ 1961 ድረስ ጥቁር አያስገባም ነበር። ስፓኒሽ ቦልሩም በተሠራበት ጊዜ ሙዚቃው የጥቁር፣ ዳንሱ የጥቁር፣ በሩ ግን ለጥቁር የተዘጋ ነበር። በ1960 ክረምት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር ሆነው በሩ ላይ ተሰለፉ፤ እኛ ዛሬ ልጆቻችንን የምናዞርባቸው ፈረሶች ላይ ስለተቀመጡ ፖሊስ ያሰራቸው ነበሩ። በ1961 ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ። ልጁን እዚያ የሚወስድ ሐበሻ ይህን ቢነግረው እወዳለሁ።

ወደ አገሬ ልመለስ። አሜሪካኖቹ ገንዘብ ከፍለው የሚማሩትን እኛ ከእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን እንቀስመዋለን። በሠርግ፣ በጥምቀት፣ በማኅበር፣ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ገጥሞ ይሰበቃል፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል። የሳቮይ ማዕዘን እኛ ዘንድ በየድንኳኑ አለ። ይህን ሀብት የሚያህል አሜሪካ ውስጥ አላየሁም፤ ጎረቤቶቼ በሠርጋችን ላይ ሕፃንና አያት አብረው ሲጨፍሩ አይተው የሚቀኑት እውነተኛ ቅናት ነው።

የምንደኸየው ባለሙያውን በስሙ መጥቀስ ላይ ነው። የሙዚቃ ክሊፕ ሲወጣ የዘፋኙ ስም በትልቁ ይጻፋል፤ ከኋላ ጉልበታቸው እስኪርድ የሚወዛወዙትን ልጆች ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አናውቅም። በባህል ምግብ ቤቶች ማታ ማታ የጎንደሩን፣ የጉራጌውን፣ የወላይታውን በየተራ ልብስ እየቀየሩ ያሳያሉ፤ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴያትር መድረክ ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ዛሬ ጡረታ ላይ ያሉ ተወዛዋዦች አሉን። ማን የትኛውን እንቅስቃሴ ከየት ወረዳ አምጥቶ መድረክ ላይ እንዳወጣው፣ ማን ከማን እንደተማረ፣ ማን ማንን በፉክክር እንዳሸነፈ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የፍራንኪ ማኒንግን ፍራሽ ዛሬ የምናውቀው ሰዎች ቁጭ ብለው ስለጠየቁት ነው። የእኛዎቹን ማን ጠየቃቸው?

በዲያስፖራ ያለነው ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን። በልጆቻችን ልደትና በማኅበራችን በዓል ላይ ዲጄው እስክስታ ሲከፍት እዚህ የተወለዱት ልጆች ስልካቸውን አውጥተው እኛን ይቀርጹናል። አያሳፍራቸውም፤ ይወዱታል። ግን የሚገቡበት በር አላገኙም። እኛም ‹‹ና ግባ›› ከማለት በቀር ትከሻ ከየት እንደሚነሣ፣ እስትንፋስ የት እንደሚያዝ ቀስ ብለን አላሳየናቸውም። ለእግር ኳስ ግን መላ አላጣንም፤ ከ1984 ጀምሮ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ ሕዝባችንን ከየከተማው ሰብስቦ ያጫውታል።

በዚያ የእግር ኳስ ሳምንት አንድ ከሰዓት ለእስክስታ ቢሰጥ እላለሁ። ሙያተኛ ቡድን አያስፈልግም። የሚፈልግ ሁሉ ይመዝገብ፤ በአንድ ሣጥን ከ60 በላይ የሆኑት፣ በሌላው ከ25 በታች የሆኑት ስማቸው ይግባ፣ በዕጣ ይጣመሩ። ማሲንቆ መቺው ምን እንደሚጫወት አስቀድሞ አይናገር። አምስት ዳኛ ይቀመጥ፤ ቢያንስ ሁለቱ የቀድሞ የቴያትር ቤት ተወዛዋዦች ይሁኑ። ከውድድሩ በፊት አንድ ሰዓት እነሱ ለጀማሪው ያስተምሩ፣ በካሜራ ይቀረጽ፣ ስማቸውና የመጡበት አገር በትልቁ ይጻፍ። ወጪው አዳራሽና የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ለማዋጣት ዝግጁ ነኝ፤ የሚያስተባብር ማኅበር ካለ ወንበር ከመደርደር ጀምሬ እሠራለሁ።